ከብርድ ልብሱ ጀርባ የተደበቀው መድኃኒት

ፔይላን ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሦስት ጊዜም ያው ነው። ወረቀት ስለደጋገሙት አይራራም።

«ፔይላን፣ እማዬ ሆስፒታል ገብታለች። ትናንት ጠዋት ከእናንተ ዘንድ የመጣውን መድኃኒት ጠጥታ ሲያስመልሳትና ሲያስቀምጣት ዋለ፤ አመሻሽ ላይ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ራሷን ስታ ወደቀች። አሁን ትንሽ ተሽሏታል። ዘመዶቻችን ሁሉ መድኃኒቱ ተበላሽቶ ነው የመጣው እያሉ ነው። እባክሽ ለጊዜው ወደ ሆስፒታል አትምጪ፤ ስልክም አትደውዪ። ሻኦቲንግ።»

በቃ። ከመከር ጀምሮ በጻፈላት ሁሉ መጨረሻ ላይ «ያንቺው» የምትል ቃል ነበረች። ዛሬ የለችም። ሰው ሆስፒታል ገብቶ እሷ አንዲት ቃል ትፈልጋለች፣ ጅል ናት ትሉ ይሆናል። ያፈቀረ ሰው ግን እንዲህ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ትቶ መጀመሪያ የሚያየው ፊርማውን ነው።

የቻይናውያን አዲስ ዓመት ከገባ ሰባተኛ ቀኑ ነበር። የርችቱ ቀይ ወረቀት ገና ከበረዶው ላይ አልተጠረገም። ፔይላን ከአባቷ ከጋሽ ጉ ጋር በአቶ ሉዎ የባህል መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ጋሽ ጉ በጓሮው ክፍል ቅጠሉን፣ ቅርፊቱንና ሥሩን ያፈላሉ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አፍልተዋል። ያጠለሉትን በላስቲክ ከረጢት ያሽጉና ይሰጧታል። እሷ ደግሞ ከፊት ለፊት ቆማ ለበሽተኛው ታስረክባለች፤ አወሳሰዱንና አቀማመጡንም በወረቀት ጽፋ ታሲዛለች።

ሻኦቲንግ የመጣው በዚያው በር ነው። የድልድይ መሐንዲስ ነው። እናቱ ወይዘሮ ሜንግ ግማሹን ከተማ ያስተማሩ ርእሰ መምህርት ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም እንኳ መንገድ ላይ ሲያልፉ ፂም ያበቀለው ሁሉ ቀጥ ብሎ ነው ሰላም የሚላቸው። እንቅልፍ እምቢ ብሏቸው መድኃኒት ታዘዘላቸውና ልጃቸው ሊወስድ መጣ። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ መጣ። የሚመጣው ለመድኃኒቱ ብቻ አለመሆኑን ሲያውቁ ወይዘሮ ሜንግ፣ «ከመድኃኒት አፍዪ ልጅ ጋር? ፀጉሯ ሳይቀር ሥር ሥር ይሸታል!» ብለው ነበር። ብርዱ ሲገፋ ግን እንቅልፋቸው ተመለሰ፤ እንቅልፍ ያገኘ ሰው ደግሞ ልቡ ይለሰልሳል። በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ «በፋኖስ በዓል ዕለት የእጮኝነቱን ስጦታ ይዤ እመጣለሁ» ብለው መልእክት ላኩላት። የአዲስ ዓመቱ ማሳረጊያ የሆነው የፋኖስ በዓል ስምንት ቀን ቀርቶታል።

የሁለቱ ፖስታ ቤት ያ የአወሳሰድ ወረቀት ነበር። ፔይላን ከላይ ለእናቱ ትጽፋለች፦ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከምግብ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆይተው፣ ከረጢቱን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው፣ አንዱን ጠዋት አንዱን ማታ ይጠጡ፤ ከደም ግፊቱ ክኒን ጋር ባንድ ላይ አይውሰዱት፤ ያለፈዎትን ላካክስ ብለው ሁለቱን ባንዴ እንዳይጠጡ፤ ከረጢቱ ካበጠ ወይም ከጎመዘዘ ይጣል። ከታች ደግሞ አንዲት መስመር ለእሱ። «ሰማያዊው ሹራብ አምሮብሃል።» «ትናንት ስትወጣ ዞር ብለህ አላየኸኝም፤ ይዤብሃለሁ።» እሱም መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት ባዶው ካርቶን ውስጥ ከትቶ ይመልሳል።

ደብዳቤው እንደተነበበላቸው ጋሽ ጉ የያዙትን ማማሰያ አስቀመጡ። ተነሥተው የጓሮውን ፍሪጅ ከፈቱ። ካፈሉት ሁሉ አንዳንድ ከረጢት ቀን ጽፈውበት ያስቀራሉ፤ የሙያው ደንብ ነው። የወይዘሮ ሜንግን አወጡ፣ ጫፉን በመቀስ ቆረጡና ቀዝቃዛውን ግጥም አድርገው ጠጡት።

«አባባ!»

«ንጹሕ ነው» አሉ አፋቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው። «መራራ ነው እንጂ ንጹሕ ነው። የተበላሸው እዚህ አይደለም።»

አቶ ሉዎ በሩ ላይ ቆመው አይተዋቸዋል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፈሪ ናቸው፤ አንዳንዴ ፈሪ ይብሳል። «ጋሽ ጉ፣ እኔስ አምንዎታለሁ» አሉ። «ግን አንድ ከረጢት ምን ይመሰክራል? ሌሎቹን ማሸጊያው አልያዛቸው ይሆናል። የሴትየዋ ወንድም ለጤና ቢሮ አመለክታለሁ እያለ ነው። ነገሩ እስኪጣራ ቤትዎ ይረፉ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ ሰው «ይረፉ» ሲሉት ምን እንዳሉት ያውቃል። ጋሽ ጉ ሽርጣቸውን ፈቱ፤ አጣጥፈው ድስቱ አጠገብ አኖሩትና ወጡ። ፔይላን ከኋላቸው ስታያቸው የአባቷ ትከሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠባብ መሰላት።

*

አትምጪ የተባለችው ወደ ሆስፒታል ነው፤ ወደ ቤት አልተባለችም። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ የነሻኦቲንግን በር አንኳኳች። ለእናቱ ሾርባ ሊያሞቅ እንደሚመጣ ገምታለች፤ ግምቷም ልክ ነበር።

በሩን ሲከፍት ፂሙ አድጓል፤ ዓይኑ ቀልቷል። አያት። ከዚያ ቶሎ ብሎ ዓይኑን ወለሉ ላይ ጣለ። ፔይላን ያን አስተያየት አታውቀውም፤ እስከዛሬ እሷን ሲያይ ዓይኑን የሚነቅለው በግድ ነበር።

«አትምጪ ብዬሽ አልነበር?»

«ሆስፒታል ነው ያልከኝ። የቀሩትን ከረጢቶች ልያቸው።»

«ሐኪሙም አምጣ ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን…»

«ታዲያ ፍሪጁን ክፈተዋ።»

ራሷ ከፈተችው። ዓሣ አለ፤ ዶሮ አለ፤ ጂያኦዚ የሚሉት በሊጥ የተጠቀለለ የበዓል ሥጋ ተደርድሮ አለ። መድኃኒት የለም።

«የታሉ?»

ሻኦቲንግ ፍሪጁን መልሶ ዘጋው።

«ሻኦቲንግ፣ የታሉ?»

አፉ ባይናገርም ዓይኑ አሳበቀበት፤ ወደ መኝታ ቤቱ በር ሄደ። ፔይላን ቀደመችው። ቁም ሳጥኑ ከቤት ማሞቂያው ብረት ጋር ተጠጋግቶ ቆሟል። ከፈተችው፣ ብርድ ልብሶቹን አንድ በአንድ ሳበች። ከጀርባቸው በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ሰባት ከረጢቶች፣ ሰባቱም እንደ ትራስ ተነፍተዋል። እጇን ስታሳርፍባቸው ለብ ብለዋል።

ሻኦቲንግ አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ አለ።

«ዋዜማው ዕለት እማዬ ደብቀው አለችኝ። አዲስ ዓመትን ከመድኃኒት ጋር የተቀበለ ዓመቱን ሙሉ ሲታመም ይከርማል ትላለች። ታውቂ የለ፣ እስከ አምስተኛው ቀን በእጇ አትነካውም። ፍሪጁም ሞልቶ ነበር። እዚህ ከተትኩትና ነገ ቀዝቃዛ ቦታ እፈልግለታለሁ ብዬ…»

«ነገስ?»

«በማግስቱማ ካንቺ ጋር የቤተ መቅደሱ ገበያ ሄድን።»

ፔይላን ትዝ አላት። በስኳር የተነከረ ቀይ ፍሬ ገዝቶላት፣ አገጯ ላይ የተጣበቀውን ስኳር በጣቱ ጠርጎላታል። በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ስቃ አታውቅም። እሷ ስትስቅ መድኃኒቱ እዚህ እየቦካ ነበር።

«በስድስተኛው ቀን ራሷ አወጣችው» አለ ሻኦቲንግ። «ያለፈኝን ላካክስ ብላ ሁለቱን ባንዴ አሞቀች። 'ሻኦቲንግ፣ ይሄ ነገር አብጧል፤ ደኅና ነው?' አለችኝ። እኔ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። አንቺ ሐይቁ ዳር እየጠበቅሽኝ ነበር። 'አየር ነው፣ እማዬ፣ ጠጪው' አልኳት። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም።»

«ወረቀቱ ላይ ጽፌልህ ነበር እኮ! ካበጠ ይጣል ብዬ፣ በየሳምንቱ!»

«አውቃለሁ። ትናንት አነበብኩት።» ድምፁ ተሰበረ። «እኔ ሁልጊዜ የማነበው የታችኛዋን መስመር ብቻ ነበር፣ ፔይላን።»

ልትጮህበት ፈልጋ ነበር። ግን ምን ብላ? ወደ እሷ ሲሮጥ እናቱን ሊገድል የነበረን ሰው በየትኛው ቃል ይቆጡታል? አጠገቡ ተቀመጠች። እጇን ሰጠችው፤ እጁ በረዶ ሆኗል።

«አባቴን ከሥራ አስወጥተዋቸዋል» አለች ቀስ ብላ። «ይህንኑ ለአቶ ሉዎ ንገራቸው። ሌላ ምንም አልልህም።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«መቼ?»

«ነገ። እማዬን ላናግራትና ነገ ጠዋት። እምልልሻለሁ።»

አመነችው። እውነቱን ለመናገር፣ ማመን ስለፈለገች ነው ያመነችው።

*

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወይዘሮ ሜንግ ራሳቸው ደወሉላት። «ብቻሽን ነይ» አሉ።

ፊታቸው ገርጥቷል፤ ፀጉራቸው ግን እዚያም አልጋ ላይ ተበጥሯል። ፔይላን በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ልትቀመጥ ስትል፣ «እዚያ አይደለም፤ እዚህ» ብለው የአልጋውን ጠርዝ መታ መታ አደረጉላት።

«ነገረሽ አይደል?»

«ነግሮኛል፣ እትዬ።»

«እኔማ መጀመሪያውኑ አውቃለሁ። ገና ስቀምሰው ጎምዝዞኛል። ልጄ ጠጪ ስላለኝ ጠጣሁት።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «የአስተማሪ ነገር፣ የሰውን ልጅ ስንት ስናስተምር፣ የራሳችን ልጅ ሲያዘን እንደ በግ ነን።»

«ታዲያ የአባቴ ስም ለምን…»

«እናት ስትሆኚ ትረጂዋለሽ። ወንድሜ ምላሱ ምን እንደሆነ አታውቂም። 'ልጅሽ ወደ ሴት ሲሮጥ የበሰበሰ አጠጣሽ' ካሉኝ፣ ሻኦቲንግ በዘመድ ፊት ቀና ብሎ አይሄድም። አንቺንም ያቺው ሴት ናት ብለው ደጄን አያስረግጡሽም፤ እኔ ብፈልግ እንኳ። ዝም ካልሽ ግን፣ በፋኖስ በዓል ዕለት ሐኪም ቢከለክለኝም ስጦታውን ይዤ እመጣለሁ። አባትሽ እንደሆኑ ዕድሜያቸው ደርሷል፤ ቢያርፉ ምን ይላቸዋል?»

«አባቴ ያለዚያ ድስት አርፈው አያውቁም፣ እትዬ።»

«እሺ በይኝ፣ ልጄ።»

ልጄ። ፔይላን ያቺን ቃል ከእሳቸው አፍ ለመስማት ስንት ቀን ተመኝታለች። ከመስማቷ በፊት ምን ዓይነት ደስታ እንደሚሆን ደጋግማ አስባበታለች። እንዲህ ትመጣለች ብላ ግን አላሰበችም። እሺም እምቢም አላለችም። ብርድ ልብሱን አስተካክላላቸው ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። አባቷን የሚያድን ቃልና ሻኦቲንግን የሚያሳጣ ቃል አንድ ቃል ነው፤ ያ ቃል ደግሞ አሁን ምላሷ ላይ ነው።

*

ለአባቷ አልነገረቻቸውም። ነገ ይናገራል፣ ከራሱ አፍ ይስሙት፣ አለች ለራሷ።

ጠዋት ስትነሣ ጋሽ ጉ የክት ልብሳቸውን ለብሰው አገኘቻቸው። አቶ ሉዎ ደውለውላቸዋል። ጥፋቱን አምነው ከፈረሙ የሴትየዋ ወንድም አቤቱታውን ይተዋል።

«ያላጠፉትን ሊፈርሙ ነው?»

«አንድ ፊርማ ነው፤ ምን ይሆናል?»

«አባባ፣ ስም እኮ ነው!»

ጋሽ ጉ ኮታቸውን ቆለፉ። አንዱን ቁልፍ ስተውት ነበርና መልሰው ፈቱት። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ልክ ነው» አሉ። «እኔ ግን ከመቃብር በላይ እንድትውዪልኝ የምፈልገው አንቺን ነው። ነገሩ በዚህ ካልበረደ እነዚያ ሰዎች አይወስዱሽም። ልጁን ትወጂዋለሽ፤ ዓይን አለኝ እኮ፣ ፔይላን።»

መድኃኒት ቤቱ ሲደርሱ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ሻኦቲንግም ቆሟል። ፔይላን ስታየው ልቧ ዘለለ። መጥቷል! ቃሉን ጠብቋል!

«አቶ ሻኦቲንግ ቤተሰቡን ወክሎ ሊታዘብ ነው የመጣው» አሉ አቶ ሉዎ። ልቧ ከዘለለበት ወረደ።

ወረቀቱ ተነበበ። «እኔ ጉ ሾውረን የወይዘሮ ሜንግን መድኃኒት በጥንቃቄ ባለማሸጌ ተበላሽቶ ለጉዳት እንደዳረጋቸው አምናለሁ። ከእንግዲህ በዚህ ሙያ አልሠራም።» አግዳሚው ላይ ያሉት እርስ በርስ ተያዩ። ግማሾቹ ለዓመታት ከእሳቸው እጅ የጠጡ ናቸው።

ጋሽ ጉ ብዕሩን ከማንሣታቸው በፊት ወደ ሻኦቲንግ ዞሩ። «እናትህ እንዴት አደሩ?»

«ደኅና… ደኅና ናት፣ ጋሽ ጉ።»

«ይማርልህ። ለሁለት ሦስት ቀን ቀጭን የሩዝ ገንፎ ብቻ ስጧቸው። ቀዝቃዛ ነገር እንዳያስጠጓቸው።»

ፔይላን አየችው። በዓይኗ ያልጠየቀችው የለም፤ ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ ጠራችው። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ የኮፍያውን ጠርዝ ያሻሻል።

የአባቷ ስም በቻይንኛ ሦስት ፊደል ነው። ጋሽ ጉ ቀስ ብለው ነው የሚጽፉት፤ ትምህርታቸው አጭር ነው። የመጀመሪያውን ፊደል ጨረሱ። አሁን ይናገራል፣ አለች ፔይላን። ሁለተኛውን ጀመሩ፤ ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲጭር ይሰማል። አሁን። ሦስተኛው አጭር ነበር፤ ጥቂት ጭረት ብቻ። አለቀ። ጋሽ ጉ ብዕሩን አስቀምጠው እጃቸውን በኮታቸው ጠረጉ።

«ቆዩ!» አለ ሻኦቲንግ።

ሰው ሁሉ ዞረ።

«እኔ ነኝ። መድኃኒቱን ፍሪጅ ውስጥ በማስቀመጥ ፈንታ ማሞቂያው አጠገብ የደበቅኩት እኔ ነኝ። ማበጡን እናቴ አሳይታኝ ጠጪው ያልኳት እኔ ነኝ። ጋሽ ጉ ምንም አላጠፉም።» እንባው ፊቱን አራሰው። ዋዜማውን፣ ቀዩን ጨርቅ፣ ጫማውን ሲያስር ያለውን ሁሉ አንድም ሳይደብቅ በሰው ፊት ተናገረ።

አቶ ሉዎ ወረቀቱን አንሥተው ሁለት ቦታ ቀደዱት፤ የተቀደደውን እንደገና ቀደዱት፤ ፈሪ ሰው ሲያፍር እንዲያ ነው። አግዳሚው ላይ የነበሩ አንዲት ባልቴት፣ «ጎሽ! እንዲህ ነው ወንድ!» አሉ። ጋሽ ጉ የሻኦቲንግን ትከሻ መታ አድርገው፣ ዓይናቸውን ላለማሳየት ወደ ጓሮው ፈጠን ብለው ገቡ።

ሁሉም ደስ ብሎታል። ሻኦቲንግ ወደ ፔይላን መጣ።

«ተናገርኩ» አላት። «እማዬ ምንም ትበል፣ ዘመድም ምንም ይበል። ተናገርኩ እኮ፣ ፔይላን።»

«ሰማሁህ።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ ታይኛለሽ?»

«አባቴ ስማቸውን ጽፈው እስኪጨርሱ ጠበቅህ።»

ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ። ሊመልስላት የሚችለው ነገር ነበር፤ ከፍቅርም ይሁን ከኀፍረት አልመለሰላትም። ያልተናገረውን ግን ፔይላን ራሷ ሰማችው። እሷስ? ከትናንት ጀምሮ ታውቃለች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እሷ ግን የምወደው ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ልይ ብላ፣ አባቷን ብዕር አስይዛ ሦስቱንም ፊደል ቆማ አየች። ለሻኦቲንግ መፈተኛ ያደረገችው የአባቷን ስም ነው።

ከጓሮው የጋሽ ጉ ድምፅ ይሰማል፤ ድስቱን ማን እንዲህ አቆሸሸው እያሉ በደስታ ይቆጣሉ። ፔይላን ወደዚያ መሄድ አቃታት። ወደ ሻኦቲንግም መጠጋት አቃታት። እጁን ዘርግቶላት ቆሟል፤ ትወደዋለች፣ ያን ያህል ነገር ሆኖም ትወደዋለች፤ የሚያቃጥላትም ይኸው ነው።

«አንተን ብቻ የወቀስኩ አይምሰልህ» አለችው እንባዋ እየቀደማት። «እኔም ጠብቄአለሁ።»